ሲሄድ ምን ይጭናል፣ ሲመለስስ?

ጉልበቴ ዳገት አልወጣም ካለኝ ወዲህ ሥራ አቁሜያለሁ። ሥራዬ ለሰው ፒካፕ ማስመረጥ ነበር። ደላላ ይሉኛል፤ ስሙን አልጠላውም። የቤት ደላላ የሸጠውን በማግስቱ ይረሳዋል፤ እኔ የሸጥኩት መኪና ግን በየቀኑ በፊቴ ያልፋል። ጥሩ ከሆነ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋልኛል። መጥፎ ከሆነ መስኮቱን ይዘጋል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ደግ መሥራቴንና ማጥፋቴን ያወቅሁት እንዲህ ሚዛን ተፈሪ መንገድ ዳር ቆሜ ነው።

ዛሬ ገዢ እስከ እኔ አይመጣም። የሁለት መኪና ፎቶ በስልኩ ይልክና «ጋሽ ሰይፉ፣ የትኛው ይሻላል?» ይላል። ፎቶ ላይ መኪና ሁሉ ታጥቦ፣ ጎማው ጥቁር ተቀብቶ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። «መኪናውን ተወውና መንገድህን አንስተህ ላክልኝ» ስለው የሚስቅ አለ። አርጅቷል ብሎ ስልኩን የሚዘጋም አለ። መንገዱን ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የተወለድኩት እዚሁ ሚዛን ነው። አባቴ ከሰሜን ጨውና አቡጀዲ ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም። ደርግ በወደቀ ማግስት ቴፒ ለአንድ ቡና ነጋዴ ጆንያ እሸከም ነበር። ነጋዴው መኪና የሚገዛው በቀለም ነው። ነጭ ይቆሽሻል፤ ቀይ የትራፊክ ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ ሰማያዊ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰማያዊ ፒካፕ ጓሮው ውስጥ አቁሞ ዶሮ አስፍሮባቸዋል። ከእሱ የተማርኩት መኪና እንዴት እንደማይገዛ ነው፤ ያም ትምህርት ነው፣ ለዚያውም በነፃ።

ከዚያ በቴፒና በሚዛን መካከል የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ቀጥሎ ቱም የምትባል ከተማ ወርጄ ለአንድ የማር ነጋዴ አንድ ዓመት ሠራሁ። እዚያ አንድ ትንሽ ዕቃ ተሰብሮብን መለዋወጫው እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን መኪናው ሥር ተኛን። ማሩ ሳይበላሽ ቆየን፤ እኛ ግን ሰለቸን። ከዚያ በኋላ የማንም መኪና ምን ያህል ይሮጣል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው «ሲሰበር ዕቃው የት ይገኛል?» ብቻ ነው።

ሚዛን ስመለስ ጋሽ ወርቁን አገኘሁ። ጋሽ ወርቁ የቡና እርሻ ሾፌር የነበሩ፣ ከሥራ ሲሰናበቱ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር አንድ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። የሚታወቁት ግን በጥቁር የላስቲክ ቦት ጫማቸው ነው። በበጋም በክረምትም ከእግራቸው አይወልቅም፤ ከተማው ሁሉ «ቦቱ» ነበር የሚላቸው። የምሄድበት ስላልነበረኝ አጠገባቸው ቆምኩ። ሦስት ቀን ዝም አሉኝ። በአራተኛው ቀን «እንግዲህ ካልሄድክ ናና ይቺን ኮፈን ንካ» አሉኝ። ቅጥሬ ይኼው ነው፤ ሌላ ወረቀት የለኝም።

ኮፈን፣ የሞተሩን ክዳን፣ መንካት የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ሻጩ ቁርሱን ሳይበላ ቤቱ እንደርስና፣ ሰላምታ ሳንጨርስ መዳፋችንን ኮፈኑ ላይ እናሳርፋለን። ብረቱ ከሞቀ ሻጩ እኛ ሳንመጣ ሞተሩን አስነስቶታል። ቀድሞ ያስነሳው ደግሞ በብርድ አልነሳ ስለሚለው ነው። ከዚያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይመዘዛል፤ ዘይቱን በሁለት ጣት መካከል ማሸት ነው። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ቤት መሄድ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጋሽ ወርቁ ዞር ብለው አያዩትም። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ላስቲክ ነው የሚያዩት። «ቁጥሩን በካቻቢቴ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ላስቲኩን ያበላሸውን እግር ግን ማን ይመልሰዋል?» ይሉኝ ነበር። ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ ሻንሲው አንድ ቀን ታጥፎ ተቃንቷል። ጋቢናው ውስጥ ኮረሪማ ከሸተተ ደስ አይበልህ፤ አንድ የሚሸፈን ሽታ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጥሩ መካኒክም ያውቀዋል። የጋሽ ወርቁ ጥበብ የሚጀምረው ከመኪናው በፊት ነው። ገዢ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል። «ሲሄድ ምን ይጭናል?» ይላሉ። ሰውየው ሲመልስ «ሲመለስስ?» ይላሉ። ከዚያ ተነሥተው «የደጅህን ዳገት አሳየኝ» ይሉታል። መኪናው የሚቆምበት ደጅ ድረስ፣ የመጨረሻዋን አቀበት በእግራቸው፣ በቦት ጫማቸው ይወጧታል። መሀል ላይ ቆመው በተረከዛቸው ጭቃውን ይወጉታል። መታጠፊያው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ስፋቱን ይለካሉ። ይህን ሳያደርጉ «ይሄን ግዛ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሲመለሱ ደግሞ ከተማ ከመግባታቸው በፊት ወንዝ ወርደው ቦት ጫማቸውን ያጥባሉ። መጀመሪያ ንጹሕ ሰው ስለሆኑ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃቸው ሳቃቸውን ሸፍነው «ሌሎቹ ደላሎች ከጭቃዬ ቀለም የማን ደጅ እንደሄድኩ ያውቃሉ» አሉኝ። እውነት ነው። በኋላ እኔም የስንቱን ደላላ ጫማ አንብቤ ገዢውን ቀድሜ ደርሼበታለሁ።

በዚያን ጊዜ በእኛ አገር የሚፎካከሩት ሁለት ዓይነት ፒካፖች ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁለቱንም የሚሸጡ ሰዎች በሕይወት አሉ፣ እኔም የቀረኝን ዕድሜ በሰላም ልኖር እፈልጋለሁ። ሰው በሬና ሚዳቋ ይላቸው ነበር። በሬው ባለ አንድ ጋቢና፣ ረጅም የጭነት ሳጥን ያለው፣ ከሥሩ ያለው የብረት ባሌስትራ ድርብርብ፣ የኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋው ነው። ሞተሩ ቀላል ስለሆነ መንገድ ላይ በሽቦና በጸሎት ይጠገናል። ጭነህ ጭነህ ሲበቃህ እሱ ገና ይጠብቅሃል። ሚዳቋዋ ባለ ሁለት ጋቢና ናት፤ ከኋላ ሰው ይቀመጥባታል፤ የጭነት ሳጥኗ አጭር ነው፤ ሲያስፈልግ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። እኔ የበሬው ሰው ነበርኩ። «አራት ጎማ የሚያስጎትተው ሾፌሩ ሰነፍ ሲሆን ነው» ብዬ ስናገር ዋንዛው ሥር ያለው ሁሉ ይስቅልኝ ነበር። ሰው የሚስቅለት ነጋዴ የተናገረውን ነገር ቶሎ ያምነዋል።

አንድ ኅዳር ላይ ጋሽ ወርቁ ታመው ጅማ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ወንበሩ የእኔ ሆነ። ወንበር ደግሞ ሰውን ያሳብጣል። ቀይ ቡና የሚወርድበት ወር ነው፤ ሁሉም ሰው መኪናውን ትናንት ፈልጎ ዛሬ ካልገዛሁ ይላል። በዚያ ሳምንት ነው ማርቆስ የመጣው። ማርቆስ ከሸኮ ከተማ በላይ ካለ መንደር የመጣ ገበሬ ነው። የመንደሩ ሰዎች የሦስት ዓመት ቡናቸውን ሸጠው አንድ መኪና በጋራ ሊገዙ ተስማምተው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለሆነ አደራውን ለእሱ ሰጥተዋል። ከኋላው ታናሽ እህቱ ታደለች ቆማ ነበር። በዚያው ዓመት ያገባች ወጣት ናት።

በዚያን ቀን አንድ በሬና አንዲት ሚዳቋ ዋንዛው ሥር ለሽያጭ ቆመዋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበረ ገንዘብን ሰበብ ማድረግ አልችልም።

«መንገዳችሁ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ደህና ነው ጋሼ። ወንዙ ድረስ መኪና ይመጣል። ከዚያ ትንሽ ዳገት አለች።»

«ምን ያህል ትሆናለች?»

«ትንሽ ናት። እናቴ በየቀኑ ውኃ ተሸክማ ትወጣታለች።»

የሸኮ ሰው ትንሽ ዳገት ካለ እኛ የከተማ ሰዎች ሁለቴ አርፈን የምንወጣው ነው። በየቀኑ የሚወጣው ሰው ዳገቱን ረስቶታል። ይህን አውቅ ነበር። ጋሽ ወርቁ ቢኖሩ ኖሮ በዚህች ቃል ብቻ ቦት ጫማቸውን ይስቡ ነበር። እኔ ግን ሌሎች ሁለት ገዢዎች ቆመው ይጠብቁኛል።

«ሲሄድ ምን ይጭናል?»

«ቡና።»

«በቃ፣ በሬው ነው» አልኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ታደለች የሚዳቋዋን የኋላ በር ከፍታ ወንበሩን በእጇ ስትጫነው ነበር። ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሰው ቢታመምስ? ሰው የት ይተኛል?» አለችኝ።

«እህት ዓለም፣ ቡና አይታመምም» አልኳት።

ዋንዛው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ማርቆስም አብሮ ሳቀ። እሷ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። ያን ጊዜ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር እንደነበረች ያወቅሁት በኋላ ነው።

በጋው ሙሉ በሬው አኮራኝ። ዳገቱ ደረቅ ነው፤ ቡናውን ግጥም አድርጎ ጭኖ ወርዶ ሚዛን ይመጣል። ማርቆስ በፊቴ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። «መንደሩ ሊያመሰግንህ ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ና» ይለኛል፤ ነገ ዛሬ እያልኩ ከረምኩ። ሰኔ ላይ የቀረ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ አራግፎ ሲመለስ ዋንዛው ሥር አቆመና «ዛሬ ካልመጣህ ንቀኸናል ማለት ነው» አለኝ። ሳቅሁና ገባሁ። በከተማ ጫማዬ ነበርኩ።

ሸኮን አልፈን ወንዙ ጋ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ከጠዋት የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም። ድልድይዋን ተሻግረን ቀና ስል ያን «ትንሽ ዳገት» ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቀይ ጭቃ ነው፤ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ በግራ በኩል ገደል አለ። የጭነት ሳጥናችን ባዶ ነው። ያኔ፣ እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ። ይህ መኪና ሲወርድ ቡና ይጭናል፤ ሲመለስ፣ ማለትም ዳገቱን ሲወጣ፣ ምንም አይጭንም። በሬው ደግሞ ኃይሉ ከኋላ ነው። ጀርባው ላይ ሸክም ከሌለ የኋላ ጎማው መሬቱን አይረግጠውም፤ ይልሰዋል።

ማርቆስ የመጀመሪያውን ማርሽ አስገብቶ ወጣ። ከፊተኛው መታጠፊያ ሳንደርስ ጎማው ባዶውን ዞረ፤ መኪናው በጎኑ ተንሸራተተ። ወደ ታች ተመልሶ እንደገና ሞከረ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጭቃው ይረጫል። ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል አንድ ሰው ከላይ እየሮጠ ወረደ።

«ማርቆስ! ታደለች ምጥ ይዟታል! ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ አዋላጇ አልቻልኩም ብላለች። መኪናውን አምጣ!»

«እየወጣሁ ነው፣ አታይም!» አለው ማርቆስ።

ወርጄ ገፋሁ። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከታች ያሉ ሰዎችን ጠርተን ለክብደት ብለን ስምንት ሰው ከኋላ አስቀመጥን። ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ወጣ፤ እዚያ ቦዩ ውስጥ ገባ። አወጣነው። እንደገና ገባ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ዝናቡ ቆሞ እንደገና ጀምሯል።

በመጨረሻ በእንጨት ቃሬዛ ይዘዋት ወረዱ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ባሏ ነው፣ አንድ ነገር ተናገረ። እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«የሞተሩን ድምፅ ስንሰማ መጣ ብለን ቁጭ አልን። ድምፁ ባይሰማ ኖሮ ያኔውኑ ተሸክመናት በወረድን።»

ይኸው ነው ጥፋቴ። መኪና ያልነበረው መንደር ተሸክሞ ይወርድ ነበር። እኔ የመረጥኩለት መኪና ዳገቱ ሥር ቆሞ እየጮኸ አስጠበቀው።

የበሬው ጋቢና ሦስት ሰው አጠጋግቶ ከማስቀመጥ በቀር አያስተኛም። ከኋላ፣ ባዶው ብረት ላይ፣ የእንሰት ቅጠልና ጆንያ አንጥፈን አስተኛናት። አንዱን የሸራ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ባሏ ይዘን ከዝናብ ጋረድናት። ቡና ለመሸከም የተደራረበው ባሌስትራ ባዶውን ሲሆን እያንዳንዱን ጠጠር ያቀብላል። ጠጠሩን ሁሉ በእሷ ፊት ላይ አየሁት። ከሚዛን አጠገብ ያለው አማን ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ በሩጫ ተቀበሏት፤ እሷን አተረፏት። ሕፃኑ ግን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ወንድ ልጅ ነበር።

ማርቆስ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ጫማህን አላገኘንም» ብቻ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ጅማ ወርጄ ጋሽ ወርቁን አገኘኋቸው። ልጃቸው ቤት አልጋ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሲያዳምጡ ጣሪያውን ነበር የሚያዩት።

«ዳገቱን ስንቴ ረገጥከው?» አሉኝ።

«አንድም ጊዜ።»

«ሲመለስስ ብለሃል?»

«አላልኩም።»

ከዚያ «ያስተማርኩህ መኪና መስሎህ ነበር እንዴ?» አሉና እጃቸውን አልጋው ሥር ሰድደው ቦት ጫማቸውን አወጡ። «ውሰደው። እኔ እንግዲህ የምሄድበት የለኝም።» ቦቱ በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግሁት። ጋሽ ወርቁ ክረምቱን አልጨረሱም።

እኔ ወደ መንደሩ ሄጄ በሬውን ወስጄ በራሴ ኪሳራ ሚዳቋ ላምጣላችሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሰሙኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የማርቆስ አጎት ናቸው፣ «መኪናው ምን አጠፋ? እሱማ ቡናችንን በደንብ ይሸከማል» አሉ። መኪናው ምን አጠፋ ሲሉ ማን እንዳጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲያው ሲመለስ ጀርባው ላይ አሸዋ ጫኑበት፣ የቴፒ ነጋዴዎች እንደዚያ ያደርጋሉ አልኩ።

«አሸዋ ይዞ ወጥቶ፣ አሸዋውን ይዞ ይወርዳል?» አሉኝ አጎትየው።

«አዎ።»

«አንተ፣ እኛ ከወንዝ ውኃ በእንስራ ስናወጣ መልሰን እንደፋዋለን እንዴ? ድንጋይ ይሁን። ላይ ይቅር።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በሬው ቡና ይዞ ይወርዳል፤ ሲመለስ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ይጭናል። ክብደቱ የኋላ ጎማውን መሬት ያስረግጠዋል፤ የቻለው ቦታ ድረስ ይወጣል፤ ያልቻለበት ቦታ ድንጋዩን ያራግፋል። የተራገፈው ድንጋይ እዚያው ይነጠፋል። በቀጣዩ ጉዞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ዳገቱ ያቃተው መኪና ራሱ መንገዱን አነጠፈ ማለት ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የጋሽ ወርቁን ቦት አድርጌ ድንጋይ ስደረድር ከረምኩ። የከተማው ደላሎች ቀይ ጭቃዬን አይተው ሰይፉ ሸኮ ገዢ አግኝቷል ብለው ተከትለውኝ መጡ። ድንጋይ አሸከምኳቸው።

ታደለች በዚያ መንገድ ስትወርድ ስትወጣ አያታለሁ። ሰላምታዬን በራሷ ትመልሳለች፤ ቃል አትናገረኝም። ሦስተኛውን መታጠፊያ ስንጨርስ አራት ዓመት ሆኖን ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪና ሳስመርጥ ኖርኩ። ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች እኔ የፈጠርኳቸው ይመስለዋል፤ እኔ ግን የባለቤታቸውን የጋሽ ወርቁን ስም እነግረዋለሁ። ለስንቱ ሚዳቋ፣ ለስንቱ በሬ አስመረጥኩ፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ዳገቱን ወጥቼ ካየሁ በኋላ «አንተ በቅሎ ግዛ» ብዬ ሄድኩ። ከተማው ሰፋ፤ ሚዛንና አማን ተያያዙ፤ አስፋልት መጣ። ጉልበቴም ማጉረምረም ጀመረ።

ሥራ ልተው ባሰብኩበት ዓመት አንድ ጠዋት ታደለች ዋንዛው ሥር መጣች። የኮረሪማና የቡና ነጋዴ ሆናለች፤ ሚዛን ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ማርቆስ፣ ጸጉሩ ነጥቶ፣ አሁን ደግሞ እሱ ከኋላዋ ቆሟል።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ቡና አይታመምም ብለውኝ ነበር» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ብያለሁ» አልኩ።

«መኪና ልገዛ ነው። ዛሬስ ምን ይላሉ?»

ከወንበሬ ሥር ቦቱን ሳብኩ። አየችኝና «መንገዱማ አሁን ድንጋይ ነው፤ ያነጠፉት እርስዎ አይደሉ?» አለች።

«ቢሆንም» አልኩ።

አዲሱ በሬም አሁን ባለ ሁለት ጋቢና ሆኖ ይመጣል፤ አራቱም ጎማው ይጎትታል። ሚዳቋዋም ጎልብታለች። ወንድማማች ስለመሰሉ ከፎቶ አይለዩም። ሁለቱን ከነባለቤቶቻቸው ይዤ ሸኮ ሄድን። ወንዙ ጋ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ሁለቱም መኪኖች ባዷቸውን ያለ ምንም ችግር ተከትለውኝ ወጡ፤ ድንጋዩ አልከዳንም። እንግዲህ የቀረው ምርጫ ምንድን ነው እያልኩ ላቤን ስጠርግ ታደለች ጫማዋን አወለቀችና የበሬውን የኋላ በር ከፍታ ወንበሩ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ጉልበቷን ሰብስባ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ይንዱት» አለች።

የመኪናው ባለቤት ደንግጦ አየኝ። ቁልፉን ተቀበልኩትና ነዳሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት ኮፈን ነክቻለሁ፣ ስንት ዘይት አሽቻለሁ፤ ተኝቶ መኪና የሚፈትሽ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። «ጀርባዬን» አለች። «ይሄ አሁንም ጭነት ነው የሚወደው። ያችኛውን።»

ተመልሰን ወጣንና በሚዳቋዋ ወረድን። ማርቆስ አጠገቤ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍን፤ ሁለተኛውን፤ ቃሬዛው የወረደበትን ሦስተኛውን። ከኋላ ድምፅ የለም። ወንዙን ተሻገርን። ማርቆስ ዞር ብሎ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ተኝታለች» አለ።

መስተዋቱን አስተካክዬ አየሁ። እውነትም እንቅልፍ ወስዷታል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ሌሊት ቡና ስታስጭን ያደረች ነጋዴ ናት። ወንዙ ጋ መመለስ ነበረብን፤ የሁለቱ መኪኖች ባለቤቶች ዳገቱ አናት ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አልተመለስኩም። ማርቆስም ለምን አላለኝም። እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ እያልኩ ሸኮን አለፍኩ፣ ወደ ሚዛን ወረድኩ፣ ወደ አማን ታጠፍኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ።

ድምፁ ሲቋረጥ ነቃች። ተነሥታ በመስኮቱ የሆስፒታሉን በር አየች፤ እኔን አየች፤ ያደረግሁትን ቦት አየች።

«ደረስን?» አለች።

«ደረስን» አልኳት።